ሐዘንተኛ ከድንኳን ስትወጣ

ከድንኳኑ የኋላ ምሰሶ ሥር የተቀመጠችውን ልጅ የሚያውቃት ሰው አልተገኘም።

«የእናትሽ ዘመድ ናት?» አለች ሳዶ፣ ወደ ኑሀሚን ጆሮ ጠጋ ብላ። ሳዶ የአባቷ እህት ናት፤ ከትናንት ጀምሮ የለቅሶውን ቤት የምታስተዳድረው እሷ ነች።

«አይመስለኝም። ተማሪ ትሆናለች።»

«ትናንት ከቀብር መልስ ሰው ሁሉ እስኪሄድ እዚያው ነበረች። ዛሬ ደግሞ ድንኳኑን ጠርገን ሳንጨርስ መጣች። ንፍሮ ብንሰጣት እምቢ፣ ሻይ ብንሰጣት እምቢ። ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።»

ኑሀሚን ቀና ብላ አየቻት። ቀጭን ጠይም ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከሃያ አይበልጥም። ጥቁር ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ፣ ሁለት እጇን በጉልበቷ መሃል ሸጉጣ፣ ምንጣፉን ትመለከታለች። ለቅሶ ደራሹ ይገባል፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ጥቂት ይቀመጣል፣ ይወጣል። ሌላው ይተካል። ልጅቷ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። አታለቅስምም።

ኑሀሚንም አላለቀሰችም። እናቷ ቦጋለች እሑድ ጎህ ሲቀድ ደም ግፊት ጥሏት በዚያው ካሸለበች ጀምሮ አንድ ዘለላ እንባ ከዐይኗ አልወጣም። ትናንት ሰኞ ቀበሯት፤ ያኔም አልወጣም። ሴቶቹ ያሾካሾኩትን ሰምታለች። «የወለደቻት ልጅ እንዲህ ደርቃ፣ የሰው ልጆች ደረታቸውን ይደልቃሉ» ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ቦጋለች የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ማደሪያ ፕሮክተር ነበረች፤ የሕንጻውን ቁልፍ የምትይዝ፣ ማን ገባ ማን ወጣ የምትል፣ የታመመችውን ክሊኒክ የምታደርስ። ለቀብሯ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ መጥቶ «አዴ፣ አዴ» እያለ ሳጥኑን ከበበው። አዴ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ሶማሌውም፣ ኦሮሞውም፣ ከሰሜን የመጣውም በዚያ ስም ነበር የሚጠራት። ኑሀሚን ከዳር ቆማ ስታያቸው የተሰማት ሐዘን አልነበረም። ቅናት ነበር፤ በእናቷ ቀብር ላይ መቅናቷ ደግሞ አሳፈራት።

ቤታቸው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፤ አባቷ ቡልቻ በምድር ባቡሩ መካኒክ ሳለ የገባበት፣ በረንዳው ሰፊ አሮጌ ቤት። ድንኳኑ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቢተከልም ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ሸራውን አልፎ ይገባል። ጎረቤታቸው ናስቲሆ በረዶ የገባበት ውሃ በጆግ ይዛ ትዞራለች። ቡልቻ ከበሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ፣ የመጣውን ሁሉ ጎንበስ እያለ ያመሰግናል። ለልጁ ብዙ አይናገርም። እሷም አትናገረውም።

ከእናቷ ጋር የመጨረሻ ንግግራቸው ጠብ ነበር።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ኑሀሚን ሱሪ ከምትሰፋበት ፋብሪካ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስትመለስ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ታሰላስል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላነሳችውን ነገር ልታነሣ ነው። እናቷ በረንዳው ላይ ጫማዋን እያወለቀች አገኘቻት።

«ሰኞ ፈቃድ ወስጃለሁ» አለቻት። «ኮሌጅ የማታ ትምህርት ልመዘገብ ነው። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

የቦጋለች ፊት በራ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳብ ገባው።

«ሰኞ አልችልም የኔ ልጅ። አንዲት ተማሪ ሐኪም ቤት ልወስዳት ቃል ገብቻለሁ። ማክሰኞ እንሂድ።»

«ፈቃዴ ለሰኞ ነው።»

«እንግዲያው ከአባትሽ ጋር...»

«ተይው። ለእኔ ሰኞ ኖሮሽ አያውቅም» አለች ኑሀሚን። «ማትሪክ የወደቀ ልጅ እናት አያስፈልገውም።»

ቦጋለች አንድ እግር ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። ኑሀሚን ገብታ በሯን ዘጋች። እራት ሲጠሯት ተኝታለሁ አለች። በማግሥቱ የቀሰቀሳት የአባቷ ጩኸት ነው።

ያን ቃል ለማንም አልተናገረችም።

ቅያሜው ግን የቅዳሜ ብቻ አልነበረም። ሥሩ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ኑሀሚን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠብቅ ነበር። ከክፍሏ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሳትወጣ የቀረችበት ጊዜ ስላልነበረ ማንም አልሰጋላትም። ውጤቱ በጥር መጣ። ከትምህርት ቤቱ ያለፉት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እሷ ከሁለቱ አንዷ አልነበረችም። አባቷ «አይዞሽ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አላት። እሷ ግን የምትጠብቀው የእናቷን ቃል ነበር። ቦጋለች በዚያው ሳምንት ከሥራ የመጣችው ፊቷ አመድ መስሎ ነው። ልጇን ቀና ብላም አላየቻት። አልጋዋ ላይ ወጥታ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ሁለት ሳምንት ከዚያ አልተነሣችም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ኑሀሚን በበሩ ስታልፍ ለቡልቻ እንዲህ ስትለው ሰማቻት፦

«ዐይኔ ሥር ሆና፣ እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ?»

ኑሀሚን ቃሉን ለራሷ ወሰደችው። ልጄ ሰነፍ መሆኗን እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ ማለቷ ነው ብላ አመነች። በሚቀጥለው ወር ፋብሪካ ተቀጠረች። እናቷ ከአልጋዋ ከተነሣች በኋላ ደግሞ ጭራሽ ተማሪዎቿ ዘንድ የምታመሽ ሆነች፤ የዕረፍት ቀኗን ሳይቀር ስልኳ ይጠራና ነጠላዋን ይዛ ትወጣለች። ኑሀሚን የመስመር መሪ ሆና የተሾመች ቀን፣ ሦስቱም አብረው ሊበሉ ማዕድ ቀርቦ፣ ያ ስልክ ጠራ። ቦጋለች እጇን ታጥባ ሄደች። «ማለፍ ያቃታትን ልጇን ትታ ያለፉትን ታሳድጋለች» ብላ ነበር ኑሀሚን በሆዷ።

ረቡዕ፣ በሳልስቱ፣ ቄሶቹ ጸሎታቸውን አድርሰው እንደወጡ ያች ልጅ መጣች። ዛሬ መልኳ ሌላ ነው። ታጥባለች፤ ጥቁሩን ሻሽ በነጭ ቀይራለች። ምሰሶው ሥር አልሄደችም። በቀጥታ መጥታ ኑሀሚን ፊት ተንበረከከች።

«ሰምሰም እባላለሁ። ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። አዴ ስላንቺ ብዙ ታወራልን ነበር።»

«ስለ እኔ? ምን ብላ?»

«ጠንካራ ናት ትል ነበር። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አልችለውም ትል ነበር።»

ልጅቷ ከጎኗ አንድ የጨርቅ ቦርሳ አወጣችና እግሯ አጠገብ አስቀመጠች።

«ይሄ ላንቺ ይሁን። እኔ አያስፈልገኝም።»

ኑሀሚን ከፈት አድርጋ አየችው። የተማሪ ካልኩሌተር፣ ከፕላስቲኩ ያልወጣ የሐር ሻሽ፣ የእጅ ሰዓት፣ ሁለት አዲስ ደብተር። ለሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል እንዴ ብላ ግራ ተጋባች። ለመጠየቅ ቀና ስትል ልጅቷ ተነሥታለች። ቡልቻ ዘንድ ሄዳ እጁን ሳመችው።

«አባባ፣ አስቸግሬያችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ።»

«ምን አስቸገርሽን ልጄ። እናንተው ናችሁ ያጽናናችሁን።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ምሳ ሳይቀርብ ወጥታ ሄደች። ሳዶ በዐይኗ ሸኘቻትና «ተመስገን፣ ዛሬ ፊቷ ፈታ ብሏል» አለች። ኑሀሚን ቦርሳውን ከፍራሹ ኋላ ወረወረችው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ናዲፋ ደረሰች። ኑሀሚን በስም ታውቃታለች፤ ባለፈው ዓመት ተመርቃ ደወሌ ድንበር ላይ በትራንዚት ሥራ የተቀጠረች፣ በየሁለት ሳምንቱ ለቦጋለች የምትደውል ልጅ ናት። ሞቱን የሰማችው ትናንት ነው። ከመኪና ወርዳ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ጥቁር ቀሚሷ አቧራ ለብሷል። ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ብዙ አለቀሰች። ሲወጣላት ከኑሀሚን ጎን ተጠግታ ተቀመጠች።

«አላህ ሰብር ይስጥሽ ወላሎ፣ እህቴ» አለቻት። «እናትሽ ለእኔ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

«ፕሮክተራችሁ ነበረች።»

«ወላሂ እሷ ባትኖር እኔ ዛሬ የለሁም።»

ናዲፋ ነጠላ የለበሱት ሴቶች እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ክፍል የምንተኛ ሀዊ የምትባል ልጅ ነበረች። ከሁላችን የምትስቀው እሷ ነበረች። ከዚያ ዝም አለች። ካፌ መሄድ ተወች፤ ክፍል መግባት ተወች፤ ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍና ትተኛለች። እኛ ሰነፈች አልን። ዛር ነው ያለም ነበር። አንድ ጠዋት ተነሥታ ታጠበች፤ ሳቀች። ልብሷን ታከፋፍለን ጀመር። ለእኔ ጃኬቷን ሰጠችኝ። ለአዴ ሽቶ ሰጠቻት። አዴም ተሻላት ብላ ደስ አላት፤ 'ጎሽ የኔ ልጅ' ብላ ስማት ወጣች።»

«ከዚያስ?»

«በማግሥቱ ሀዊ የለችም። በገዛ እጇ ሄደች።»

አንድ ለቅሶ ደራሽ ገብቶ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ተቀመጠ።

«መቼ ነው ይሄ?» አለች ኑሀሚን።

«የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በጥር። የጥምቀት ሰሞን ነበር። አዴ ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀረች። ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና ነው።»

በጥር። ኑሀሚን የእናቷን ጀርባ አየችው፤ ወደ ግድግዳው የዞረውን። ዐይኔ ሥር ሆና እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ ያለችው ስለ ሀዊ ነበር። እሷ ግን ቃሉን ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ቁስል ስትነካካው ኖራለች።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«እንዴት ትንገርሽ? ያንጊዜ አንቺ ራስሽ ወድቀሽ ነበር። ሞት ልታወራልሽ ነው?» ናዲፋ ዐይኗን ጠረገች። «ከሀዊ በኋላ እኔም ታመምኩ። ጃኬቷን ለብሼ ነበር የምተኛው። አዴ መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። 'ናዲፋ፣ መሞት አምሮሻል?' አለችኝ። 'እርቦሻል?' እንደሚባለው አድርጋ ነው ያለችው። ማንም እንዲያ ጠይቆኝ አያውቅም። አዎ አልኳት። አልጮኸችም፣ አልገሠጸችኝም። 'ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ' አለችኝ። እህቴ እስክትመጣ ብቻዬን አልተወችኝም። ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ። ስድስት ወር መድኃኒት ወሰድኩ።»

«ይሄን ሁሉ ማን አስተማራት?»

«ጠይቃ ነው የተማረችው። ግቢው ውስጥ ምክር የሚሰጡት ባለሙያ ዘንድ ሄዳ፣ 'ሀዊን ያላየሁት ምን ስለማላውቅ ነው?' አለቻቸው። ከዚያ ለእኛም ታስተምረን ጀመር። ዝም ብላ የከረመች ልጅ ድንገት ፊቷ ከበራና ዕቃዋን ካደለች፣ አትደሰቱ፤ ሂዱና ጠይቋት ትለን ነበር።»

የኑሀሚን እጅ ከፍራሹ ኋላ ሄደ። ቦርሳውን ጎትታ አወጣችና በናዲፋ ጉልበት ላይ ዘረገፈችው።

«ዛሬ ጠዋት አንዲት ልጅ ሰጠችኝ» አለች። «ሁለት ቀን እዚያ ምሰሶ ሥር ዝም ብላ ስትቀመጥ ነበር። ዛሬ ታጥባ መጣች። አባቴን ይቅር በሉኝ አለችው።»

ናዲፋ ካልኩሌተሩን አየችው። ከጀርባው በምላጭ «ሰምሰም» ተብሎ ተጽፏል። ስልኳን አወጣች።

«ዛምዛም ናት የቀን ተረኛዋ ፕሮክተር። ሰምሰም ያለችበትን ክፍል ታውቃለች። እስክንደርስ አብራት ትሁን።»

ኑሀሚን ስትነሣ ሳዶ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ወዴት ነው?»

«ግቢ ደርሼ እመጣለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ።»

«አብደሻል? ገና ሳልስት ነው። ሐዘንተኛ ድንኳን ጥሎ ይወጣል? ለቅሶ ደራሽ መጥቶ ልጇ የታለች ሲል ምን ልንል ነው? አላለቀሰችም ተብሏል፤ ደግሞ ሄደች ይባልልሽ?»

«አክስቴ፣ ልጅቷ ትሞታለች።»

«ማን ናት? እግዜር አለላት፤ ሌላ ሰው ይሂድ።»

ቡልቻ የበሩን ምሰሶ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ። ያን ቀን ጠዋት እጁን የሳመችውን ልጅ አስታወሰ፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ልቀቂያት ሳዶ» አለ። «ቦጋለች ብትኖር እስካሁን ደርሳ ነበር።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «ሂጂ። ለሚጠይቀኝ እኔ መልስ እሰጣለሁ።»

በዚያ ሰዓት ድሬ ጭልጥ ብላ ትተኛለች። ሱቁ ተዘግቷል፤ መንገዱ ላይ ከውሻና ከባጃጅ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ባጃጇ ነፋሱን እንደ እሳት ፊታቸው ላይ ትነፋዋለች። ዛምዛም መልሳ ደወለች። ሰምሰም ክፍሏ የለችም፤ አልጋዋ ተነጥፏል፤ ሎከሯ ባዶ ነው። ዘበኞቹ በር ላይ አልወጣችም ብለዋል፤ ግቢው ውስጥ እየፈለጓት ነው።

«እኔ ምን እላታለሁ?» አለች ኑሀሚን። «አንቺ ጠይቂያት። እኔ አልችልበትም።»

«አብረን እንሆናለን። ግን አንቺ የአዴ ልጅ ነሽ፤ ላንቺ ነው ቦርሳውን የሰጠችው። በቀጥታ ጠይቂያት። ዙሪያውን አትሂጂ።»

ያገኟት ከሕንጻው ጀርባ፣ ልብስ ማጠቢያው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣ ነው። ዛምዛም ከሩቅ ቆማ ትጠብቃታለች፤ ሰምሰም እንድትጠጋት አልፈቀደችላትም ነበር። ኑሀሚን ሲሚንቶው እያቃጠላት ከጎኗ ተቀመጠች። ናዲፋ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች።

«ለምን መጣሽ?» አለች ሰምሰም። «ሐዘን ላይ ነሽ።»

«አንቺም ሐዘን ላይ ነሽ።»

ገመድ ላይ ተሰጥቶ የተረሳ አንሶላ ከፊታቸው ይወዛወዛል።

«ሰምሰም፣ ልትሞቺ አስበሻል?»

ልጅቷ ሻሿን ከግንባሯ ወደ ኋላ ገፋች።

«አዎ» አለች። «ዛሬ።»

ኑሀሚን ከዚህ በኋላ የሚባለውን አታውቅም። ያላት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም የተዋሰችው ነው።

«ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ።»

ያን ጊዜ ሰምሰም ጎንበስ ብላ አለቀሰች። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ቃላቱ በመሃል በመሃል እየተቆራረጡ ወጡ። ወር ሆኗታል እንቅልፍ ካጣች። ደብተር ስትከፍት ፊደሉ አይገባትም። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ጭሮ ያሉት ቤተሰቦቿ ግን ዛሬም ከክፍሏ አንደኛ ናት እያሉ ነው የሚያወሩት። የነገረችው ለአዴ ብቻ ነው።

«ሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን አለችኝ። ሰኞ ቀበርናት» አለች። «የእኔን ጭንቀት ተሸክማ ነው የሞተችው። ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ትኖር ነበር።»

የሰኞዋ ልጅ። ይቺ ናት እንግዲህ፤ ቅዳሜን ያበላሸችባት፣ የመጨረሻውን ቃል ክፉ ያደረገችባት። ተነሥታ መሄድ አማራት። እጇ ግን ሰምሰምን ክንዷ ላይ ይዟታል፤ መቼ እንደያዘቻት አላወቀችም። አልለቀቀቻትም።

«ቅዳሜ ማታ ደወለችልኝ» አለች ሰምሰም። «'ቀጠሯችንን ወደ ከሰዓት እናድርገው፤ ጠዋት ልጄን አስመዘግባለሁ' አለችኝ። ትምህርት ልትጀምር ነው ብላ... ድምፅዋ ራሱ ይስቅ ነበር። ያን ያህል ደስ ብሏት ሰምቻት አላውቅም።»

ኑሀሚን አንሶላውን ተመለከተች።

«ለጠዋት?» አለች።

«ለጠዋት። ሦስት ሰዓት።»

«እኔ ቅዳሜ ክፉ ቃል ተናግሬያት ነበር» አለች ኑሀሚን። ለማንም ያልተናገረችው ነገር በራሱ ጊዜ ወጣ። «ከዚያ ሞተች። ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ነኝ የገደልኳት እያልኩ ነው።»

ሰምሰም ቀና አለች። ዐይኗ አብጧል።

«አንቺ አይደለሽም። ግፊት ነበረባት እኮ። ኪኒኗን እኛ ፊት ነበር የምትውጠው። ሐኪሙ እረፍት አድርጊ እንዳላት ነግራናለች።»

«እንግዲያው አንቺም አይደለሽም።»

ናዲፋ ከቆመችበት መጥታ በሌላኛው ጎኗ ተቀመጠች።

«ሰኞ አለፈ» አለች ኑሀሚን። «ዛሬ ረቡዕ ነው። እንሂድ።»

«አሁን? ሐኪሙ ይኖራል?»

«ባይኖር እስኪመጣ አብረንሽ እንጠብቃለን።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ተረኛዋ የአእምሮ ጤና ነርስ «የቦጋለች ልጅ ነሽ?» ብላ ኑሀሚንን ቆማ አቀፈቻት። ከዚያ ሰምሰምን ለብቻዋ ይዛ ገባች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ አስተኛት፤ ናዲፋ አብራት አደረች። የሰምሰም አባት ሚክዳድ በማግሥቱ ጠዋት ከጭሮ ደረሱ፤ ነጭ ኮፍያቸውን በእጃቸው እየጨመቁ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ልጄን ወደ ቤቷ ልውሰዳት፣ ሼኾቹ ቁርኣን ይቅሩባት አሉ። ናዲፋ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳቻቸው፤ ቁርኣኑም ይቀራባት፣ መድኃኒቱም ይቅደም አለቻቸው። ሐኪሙ ዘንድ ገብተው ሲወጡ እያለቀሱ ነበር። «አንደኛ ሁኚልኝ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ብትወድቅስ ምን ነበረበት?»

በዚያው ረቡዕ አመሻሽ ላይ ኑሀሚን ከሆስፒታል ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሳዶ ውሃ በኩባያ ሰጠቻት። ቡልቻ ፍራሹ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«በሕይወት አለች» አለችው። ጎኑ ተቀምጣም፣ «ሰኞ ጠዋት እኔን ልታስመዘግብ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። እሑድ እነግራታለሁ ብላኝ ነው የተኛችው።»

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

ቡልቻ መዳፉን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። «ሐዘን እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነው። ይሄን ስትሰሚ የምትሰበሪ መሰለኝ።»

ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ። ሰምሰም ሴሚስተሩን አቋርጣ ከአባቷ ጋር ጭሮ ሄደች። አልዳነችም ገና፤ በአንድ ሳምንት የሚድን ነገር አይደለም። አንዳንድ ቀን ትደውልና ዛሬ ተኛሁ ትላለች፤ አንዳንድ ቀን ዛሬም አልነጋልኝም ትላለች። ኑሀሚን ሁለቱንም ትሰማታለች። መድኃኒቷን መውሰዷን ትጠይቃታለች። አንዳንዴም ያን ከባድ ጥያቄ መልሳ ትጠይቃታለች። የኮሌጁ ምዝገባ አልፎ ስለነበረ ለሚቀጥለው ዙር ስሟን አስይዛለች፤ አባቷ ነው አብሯት የሄደው።

ወደ ሥራ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ዛምዛም መጣች። የሕንጻውን ቁልፎችና የቦጋለችን ሰማያዊ ጋዋን ልትረከብ ነው፤ በቦጋለች ቦታ ሌላ ፕሮክተር ተመድባለች። ኑሀሚን ጋዋኑን ከቁም ሣጥን አውጥታ ስታጥፈው የቀኝ እጅጌው ጫፍ ተተርትሮ አገኘችው። እናቷ በመርፌ ቁልፍ አያይዛው ነበር። መርፌ ቁልፉ ዝጓል፤ ለወራት እንዲያ ሆኖ ኖሯል። ኑሀሚን ለማታውቃቸው ሰዎች በቀን ስንት መቶ ሱሪ ትሰፋለች።

«ትንሽ ቆይኝ» አለች ዛምዛምን።

መርፌና ሰማያዊ ክር ፈልጋ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። መርፌ ቁልፉን ነቅላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። የተተረተረውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠፈች፤ በደቃቅ በደቃቁ፣ ሳትቸኩል መስፋት ጀመረች። ዛምዛም ቁልፎቹን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ግማሹን ስትጨርስ አንድ ጠብታ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ወደቀና ጠቆረ። ሁለተኛው ተከተለው። ኑሀሚን ፊቷን አልጠረገችም፤ እጇም አልቆመም። ዙሪያውን ጨርሳ ክሩን ቋጠረችው፤ ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችው፤ እዚያው ላይም፣ ፊቷን ከእጅጌው ሳታነሣ ቆየች።